የሕመምተኛው ታሪክ እስከ መቼ በአስታማሚ ፌስታል ይዞራል?

ይድረስ፦ ለሆስፒታላችን የሥራ አመራር ቦርድ፣ ለዋና ሥራ አስኪያጁ እና ለሜዲካል ዳይሬክተሩ

ግልባጭ፦ የሆስፒታል መረጃ ሥርዓትን ለሚያቅዱና ለሚከታተሉ የጤና ቢሮና የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ዋርዶችን እንዲያካትት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ከሐምሌ ወር ጀምሮ ለተመላላሽ ሕክምና የወረቀት ካርድ እንደማይወጣ የሚገልጽ ማስታወቂያ ካርድ ክፍል በር ላይ ተለጥፏል። ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) የሚመጣ ሕመምተኛ ሁሉ አሁን የሚታየው በኮምፒውተር ነው። ዋርዶች፣ ማለትም ሕመምተኛ ተኝቶ የሚታከምባቸው ክፍሎች፣ ግን "በሁለተኛው ምዕራፍ" ይገባሉ ተብሏል። ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ እንደሚጀምር የሚነግረን ሰው አላገኘንም። እስከዚያው ኦፒዲ በኮምፒውተር፣ ዋርድ በወረቀት ይሠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ሕመምተኛው ብቻ ነው።

እኛ በውስጥ ደዌና በቀዶ ሕክምና ዋርዶች የምንሠራ ነርሶች ነን። ጉዳዩን በስብሰባ ደጋግመን አንስተናል። መልሱ "ቃለ ጉባኤ ላይ ተይዟል" ከማለት አላለፈም። ለዚህ ነው ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግነው። የሆስፒታሉን ስም ያልጻፍነው ደግሞ ሌላ ቦታ ያሉ ባልደረቦቻችን የሚነግሩን ታሪክ ከእኛው ጋር አንድ ስለሆነ ነው። ስሙን ብንጽፍ የአንድ ግቢ ችግር ይመስላል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ኮምፒውተሩን አልጠላነውም፤ ወረቀቱ ይመለስልንም አላልንም። "ካርድዎ ጠፍቷል" የሚለውን ነገር ለሕመምተኛ ፊት ለፊት ስንናገር የኖርነው እኛው ነን። ቅሬታችን ሌላ ነው። የገባው ሥርዓት ሕመምተኛውን ከበር እስከ ካሸር ይከተለዋል፤ አልጋ ሲይዝ ይተወዋል። ለሪፖርት ይመቻል። ቀጥሎ ለሚያክመው ሰው ግን የሚነግረው ነገር የለም።

አንደኛውና ዋነኛው ቅሬታችን ይኸው ነው፤ ክሊኒኩ የሚያውቀውን ዋርዱ አያውቅም።

በቅርቡ አንዲት እናት አንጀታቸው ታጥፎ ሌሊት በድንገተኛ በኩል ገቡ። ኦፕሬሽን የግድ ነበር። ድንገተኛ ክፍል አዲስ የወረቀት ካርድ አወጣላቸው። ካርዱ ላይ የተጻፈው የሆድ ሕመሙ፣ ማስታወኩና መቼ እንደጀመራቸው ብቻ ነው። ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ሊወሰዱ ሲዘጋጁ ልጃቸው ፌስታሏን ፈታ ክኒን አወጣች። "የዛሬውን አልወሰደችም፤ ልስጣት እንዴ?" አለች። ክኒኑ ዋርፋሪን ነው። ለካ እኚህ እናት ሩማቲክ የልብ ሕመም አለባቸው፤ በዚሁ ግቢ የልብ ክሊኒክ ለዓመታት ሲከታተሉ ቆይተዋል።

ዋርፋሪን ደም በቀላሉ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። በቀጠሮ ለሚሠራ ትልቅ ኦፕሬሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ቀን በፊት ይቆማል። በድንገተኛ ሲሆን ደግሞ ደሙ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚለካው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ይታያል፤ ካስፈለገም ደሙ እንዲረጋ የሚረዱት ቫይታሚን ኬና ፕላዝማ (የደም ፈሳሹ ክፍል) ይሰጣሉ። ይህ ሳይታወቅ የተከፈተ ሆድ ደሙን ማቆም ያስቸግራል። የእኚህ እናት የመጨረሻ አይኤንአር ውጤት፣ የሚወስዱት መጠን፣ ሁሉም ልብ ክሊኒክ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ክሊኒኩ ከዋርዱ አንድ ኮሪደር ነው የሚርቀው። ሌሊት ግን ተቆልፏል። ዋርዱ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ያን ገጽ እንዲከፍት አልተፈቀደለትም። ምርመራው እንደገና ተሠራ፤ ፕላዝማ እስኪመጣ ተጠበቀ፤ ኦፕሬሽኑም ተሠራ። እናትየዋ ድነው ቤታቸው ገብተዋል። ዋርፋሪኑ የተገኘው ግን ልጅቷ ስለጠየቀች ነው። ባትጠይቅስ?

ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት፣ በሆስፒታሎቻችን ውስጥ ከሁሉም የተሟላው የሕክምና መዝገብ አሁንም ፌስታል ነው። የድሮ ማዘዣ፣ የታጠፈ የኤክስሬይ ፊልም፣ ከግል ክሊኒክ የመጣ የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ ባዶ የመድኃኒት ፓኬት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ልምድ ያለው ነርስ ከካርዱ በፊት ፌስታሉን ነው የሚጠይቀው። አስታማሚው ቤት ረስቶት ከመጣ ታሪክ የለም። አስታማሚ የሌለው ሰው ደግሞ ጭራሽ ታሪክ የለውም። ራሱን ስቶ መንገድ ላይ ወድቆ የመጣን ሰው ማን ይጠይቅለታል?

እዚህ ላይ ማስታወቂያው የባሰ ያደረገውን ነገር እንጨምር። ድሮ ቢያንስ ቢቸግረን ራነሯን (ተላላኪዋን) ካርድ ክፍል ልከን የድሮውን ካርድ እናስፈልግ ነበር። ጊዜ ይወስዳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። አሁን "ካርድ አይወጣም፣ ሲስተም ላይ ነው" እንባላለን። ሲስተሙ ላይ ያለው ከሐምሌ ወዲህ ያለው ብቻ ነው። የ10 ዓመት የስኳር ሕመምተኛ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሐምሌ ላይ የተወለደ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ የላብራቶሪ ውጤት የሚከተለው ያዘዘውን ሐኪም ነው፤ ሕመምተኛውን አይደለም።

ላብራቶሪው ውጤቱን ኮምፒውተር ላይ ማስገባቱ ጥሩ ነው። ውጤቱ የሚታየው ግን ላዘዘው ሐኪም ነው። ሐኪሙ ጠዋት ኦፒዲ ላይ አዝዞ ሕመምተኛው ከሰዓት አልጋ ቢይዝ፣ ውጤቱ ማንም የማያየው ቦታ ይቀመጣል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው አንድ አባት የፖታሺየም መጠናቸው አደገኛ በሚባል ደረጃ ላይ ነበር። ይህ ልብን ድንገት ሊያቆም የሚችል ነገር ነው። ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ወጥቷል። ያዘዘው ሐኪም ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል። ዋርዱ ያወቀው በማግስቱ ነው፤ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም) በጠዋቱ የሕመምተኞች ጉብኝት ላይ "የትናንቱ ውጤት የታለ?" ብሎ ራነሯን ላብራቶሪ ሲልካት። ሌሊቱን ያለ ምንም ክትትል አድረዋል። ምንም አልሆኑም፤ ዕድል ነው።

ሥርዓቱ ሕመምተኛው የትኛው አልጋ ላይ እንዳለ ቢያውቅ ኖሮ፣ ያ ውጤት የዋርዱ ስክሪን ላይ በቀይ ይመጣ ነበር። የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ይመስለናል። ጽሑፉን ማሳመሩ አይደለም፤ ማወቅ ያለበት ሰው በሰዓቱ እንዲያውቅ ማድረጉ ነው።

ውጤት ካልተገኘ ቀላሉ መንገድ ድጋሚ ማዘዝ ነው። ክሬቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ትናንት ተሠርቷል። ዛሬ ለሲቲ ስካን ይፈለጋል። ወረቀቱ የለም። ይደገም! ደም እንደገና ይቀዳል፤ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) እንደገና ይባክናል፤ ቤተሰብ እንደገና ካሸር ጋር ይሰለፋል። ከዚያ "ሪኤጀንት አልቋል፣ ውጭ አሠሩ" የምንል እኛው ነን።

ሦስተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም።

ሥርዓቱ የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እኛ፣ አስታማሚውና የግድግዳው ሰዓት ደግሞ በሀበሻ ነን። ከድንገተኛ ክፍል ታትሞ የሚመጣው ትእዛዝ ላይ "8:00" ይላል። ጠዋት 2 ሰዓት ነው ወይስ ከቀኑ 8? በየ6 ሰዓቱ በሚሰጥ መድኃኒት ላይ ችግሩ አይታይም። በሁለቱም አቆጣጠር 6 እና 12 ስለሆነ ይገጥማል። በየ8 እና በየ12 ሰዓቱ የሚሰጠው ላይ ነው ጣጣው። አንድ የሳንባ ምች ሕመምተኛ የጠዋት አንቲባዮቲኩ ከቀኑ 8 ሰዓት እንዲሰጥ ተይዞ ነበር። ያዳነው አስታማሚ ወንድሙ ነው። "ድንገተኛ ክፍል ጠዋት ይሰጠዋል ብለውኝ ነበር" ብሎ ሲያስታውሰን ወረቀቱን እንደገና አየነው። ስድስት ሰዓት ልዩነት ለሳንባ ምች ቀላል አይደለም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛው የተወለደበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ይናገራል። መዝጋቢው አንዳንዴ ቀይሮ ያስገባል፤ አንዳንዴ እንዳለ። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው በሁለት መዝገብ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይኖረዋል። ለአዋቂ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ለሕፃን መድኃኒት ሲሰላ ግን ሌላ ነገር ነው። ስክሪኑን ሲያዘጋጁ ከዋርድ አንድ ነርስ ጠርተው ቢሆን ይህ ሁሉ በግማሽ ቀን ይታረም ነበር።

አራተኛ፣ አንድ ሰው ብዙ ካርድ አለው።

የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ተመሳሳይ ስም ሞልቷል። ሥርዓቱ ደግሞ ስም የሚፈልገው በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። ፀሐይን አንዱ መዝጋቢ በ"ቲ" ጀምሮ ይጽፋታል፤ ሌላው በ"ኤስ"። ሲፈለግ አይገኝም። ሲጠፋ አዲስ ካርድ ቁጥር ይወጣል፤ አዲስ ማውጣት ከመፈለግ ይፈጥናልና። የአንድ ሰው የደም ግፊት በአንድ ቁጥር፣ የፔኒሲሊን አለርጂው በሌላ ቁጥር ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራን አለርጂው ነው።

መፍትሔው ጫፍ ላይ ነው ያለው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ ፋይዳ ለአንድ ሰው አንድ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ከካርድ ቁጥሩ ጋር ቢያያዝ ብዙ ድግግሞሽ ይጠፋል። ግን አደራ! "ፋይዳ የሌለው አይታከምም" ወደሚል ነገር እንዳይሄድ። ምጥ ላይ ያለች ሴት መታወቂያ አትጠየቅም። ያለው ይያያዝለት፤ የሌለው በስሙና በስልኩ ይፈለግ። ስሙም በአማርኛም ሆነ በሌሎች ቋንቋዎቻችን ሲጻፍ እንዲገኝ ይደረግ።

አምስተኛ፣ ሥራው ተደራርቧል። ይህኛው የራሳችን ቅሬታ ነው፤ አንደብቀውም።

የአንድ ሕመምተኛ ሙቀትና የደም ግፊት መጀመሪያ ቻርት ላይ ይጻፋል። ቀጥሎ መዝገብ ላይ። ፈረቃው ሲያልቅ ደግሞ ለሪፖርት ሲባል ኮምፒውተር ላይ። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ ያለውም ኃላፊዋ ቢሮ ውስጥ ነው። ኃላፊዋ ከወጣች ተቆልፏል። ስለዚህ የሌሊቱ ሁሉ ጠዋት ርክክብ ላይ በአንድ ጊዜ ይገባል። አንዱ እየጠራ ሌላው ይጽፋል፤ ተረኛው እየጠበቀ። በዚህ መንገድ የገባ ቁጥር ለማን ይጠቅማል? ሕመምተኛው ሌሊት ሲደክም ያላሳየ፣ በማግስቱ ለሪፖርት የተሞላ ቁጥር ነው።

ችግሩ የሀገር ነው ብለን የምናምነው እዚህ ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ ዕቅድ "የመረጃ አብዮት"ን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ከ2010 ጀምሮም ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የሪፖርት ሥርዓት በመላ አገሪቱ ገብቷል። ዛሬ ከጤና ጣቢያ ተነስቶ ስንት ሰው ወባ እንደታመመ እስከ ላይ ድረስ ቁጥሩ ይሄዳል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ቁጥሩ ወደ ላይ የሚሄደውን ያህል ግን የሕመምተኛው ታሪክ ወደ ጎን አይሄድም። ከኦፒዲ ወደ ዋርድ፣ ከዋርድ ወደ ፋርማሲ፣ ከእኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሆን መንገዱ ይዘጋል።

እንደማይቻል ግን አትንገሩን። እዚሁ ግቢ የኤአርቲ ክሊኒክን ተመልከቱ። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ያ ክሊኒክ ሕመምተኛን መከታተል ተምሯል። ስማርትኬር የተባለው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ከገባ ወዲህ ደግሞ ማን ቀጠሮ እንዳለፈው ዝርዝሩ ይወጣል። ይደወላል፤ ይፈለጋል። የስኳር ወይም የልብ ሕመምተኛ ቀጠሮ ሲያልፈው ማን ደውሎለት ያውቃል? ልዩነቱ ኮምፒውተሩ አይመስለንም። እዚያ ዝርዝሩን አንብቦ ስልክ የሚያነሳ ሰው ተቀጥሯል።

ስለ ሚስጥር ጥቂት እንበል። የይለፍ ቃል የተሰጠው ለጥቂት ሰው ነው። ሥራ መቆም ስለሌለበት በአንድ ሐኪም ስም ብዙ ሰው ይገባል። ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን የማንን ውጤት እንዳየ አይታወቅም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ነገ የአንድ ሰው የኤችአይቪ ውጤት ሰፈር ቢወራ ተጠያቂው ማን ነው? የይለፍ ቃሉ ባለቤት? እሱ እኮ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነው።

መብራትና ኔትወርክ ላይ ብዙ አንልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። "ሲስተም የለም" የሚለው አባባል "ካርድ ጠፍቷል" የሚለውን ተክቶታል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሲጠፋ ምን ላይ እንጻፍ? የተዘጋጀ ቅጽ የለም። ባገኘነው ወረቀት ጀርባ ነው የምንጽፈው። መብራቱ ሲመጣ ወረቀቱ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው።

የመጨረሻው ሪፈርና መውጫ ወረቀት ነው።

ሕመምተኛው ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ አጠቃላይ፣ ከዚያ ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እንዲሄድ ነው ሥርዓታችን የተሠራው። መሰላሉ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በተግባር ሪፈር ወረቀቱ ላይ "ለተሻለ ሕክምና" የሚል መስመርና የማይነበብ ፊርማ ይገኛል። ምን ተሰጠው? ምን ምርመራ ተሠራለት? ሪፈር የሚከታተለው ሊያዝን ኦፊሰራችን ስልክ ይደውላል፤ እዚያ ያከመው ሰው ተረኛ አይደለም። እኛም ብንሆን ወደ ታች ስንመልስ የተሻልን አይደለንም። መልስ ሪፈር የሚጻፈው አልፎ አልፎ ነው።

ባለፈው ስኳር እንዳለበት ገና የታወቀ አንድ ወጣት ኢንሱሊን ተጀምሮለት ወደ ወረዳው ተሸኘ። የመውጫ ወረቀቱ በእጅ የተጻፈ ነው። ከመጠኑ ቁጥር ኋላ የምትቀመጠው "ዩ" የምትባል የእንግሊዝኛ ፊደል ዜሮ ትመስላለች። 10 የተባለው 100 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ይህ በዓለም ላይ ሁሉ የታወቀ አደጋ ነው፤ ለዚህም ነው ሙሉ ቃሉን ጻፉ የሚባለው። የጤና ጣቢያው ነርስ ተጠራጥራ በወጣቱ ስልክ ደውላ ዋርዱን እስክታገኝ ብዙ ተንከራትታለች። እግዚአብሔር ይስጣት። ባትጠራጠር ኖሮ ግን የዚያ ልጅ ሕይወት በአንዲት ፊደል ይጠፋ ነበር። ታትሞ የወጣ ወረቀት ይህን በአንድ ቀን ያስቀራል። ኔትወርክም አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ብቻ።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ሁለተኛው ምዕራፍ እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ ዋርዶችና ድንገተኛ ክፍል የኦፒዲውን መዝገብ ቢያንስ እንዲያነቡ ፈቃድ ይሰጣቸው። መጻፉ ይቆየን። ማንበብ አዲስ ዕቃ መግዛት አይጠይቅም፤ የአይቲ ክፍሉ ፈቃዱን መክፈት ብቻ ነው። ሌሊትም ጭምር።

የድሮ ካርድ መውጣቱ እንዳይቆም። ቋሚ ክትትል ያላቸው፣ ማለትም የልብ፣ የስኳር፣ የኩላሊት፣ የካንሰርና የሚጥል ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዋና ታሪክ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ይግባ። ሙሉ ካርዱን መገልበጥ አያስፈልግም። ሕመሙ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ አለርጂው፣ የተሠራለት ኦፕሬሽን፣ ይኸው ነው። አንድ ገጽ ይበቃል።

የላብራቶሪ ውጤት ሕመምተኛው ወዳለበት አልጋ ይሂድ። አደገኛ የሆነ ውጤት ደግሞ ስክሪን ላይ መታየቱ ብቻ አይበቃም። ላብራቶሪው ለዋርዱ ይደውል፤ የተቀበለው ሰው ቁጥሩን መልሶ ያንብብ፤ ስሙም ይመዝገብ።

የመድኃኒት ሰዓት ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል ቃል አብሮት ይታተም፤ ወይም ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይቀመጡ። ከዚህ በኋላ ማንኛውም ስክሪን ሲዘጋጅ ከዋርድ ነርስ፣ ከፋርማሲ ባለሙያ፣ ከካርድ ክፍል ሠራተኛ አንድ አንድ ሰው ይጠራ። ከተሠራ በኋላ ለሥልጠና እንጠራችኋለን የሚለውን ሳይሆን፣ ሳይሠራ በፊት መጠየቃችንን ነው የምንፈልገው።

ኮምፒውተሩ ከቢሮ ወጥቶ የነርሶች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ የይለፍ ቃል ይሰጠው። አንድ ነገር ኮምፒውተር ላይ ከተመዘገበ በወረቀት መዝገብ ላይ መደገሙ ይቅር። የትኛው መዝገብ እንደሚቀር በደብዳቤ ይገለጽልን፤ አለዚያ ኢንስፔክሽን ሲመጣ የምንጠየቀው እኛ ነን።

መብራት ሲጠፋ የምንጽፍበት ቅጽ በየዋርዱ ይቀመጥ፤ ኮምፒውተሮቹ መብራት ሲጠፋ የሚያቆያቸው ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ይኑራቸው።

የመውጫ ወረቀትና ሪፈር ታትሞ፣ ሕመምተኛው በሚረዳው ቋንቋ ማብራሪያ ተጨምሮበት፣ የዋርዱ ስልክ ቁጥር ተጽፎበት ይውጣ። ከሩቅ ላለ ጤና ጣቢያ ያ ስልክ ቁጥር ብቻውን ብዙ ይረዳዋል።

ግልባጭ ለተደረገላችሁ የቢሮና የሚኒስቴር ኃላፊዎች የምንለው አንድ ነው። አንድ ሆስፒታል "ኤሌክትሮኒክ ሆነ" ተብሎ ሪፖርት ሲመጣላችሁ፣ ስንት ኮምፒውተር ገባ ብላችሁ አትጠይቁ። ሌሊት የገባ ሕመምተኛ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ የዋርድ ነርሷ ማየት ትችላለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መጥታችሁም እዩ፤ ቢቻል ማታ።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምርበት ቀን ተጠቅሶ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መልስ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በውስጥ ደዌና በቀዶ ሕክምና ዋርዶች የምንሠራ ነርሶች